ጥርሴን ነክሼ ያበረርኳት ቆቅ

በየትኛው ዓመት እንደነበር በውል አላስታውስም። ከሚሌኒየሙ በኋላ መሆኑን አውቃለሁ፤ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ባጃጅ መርመስመስ ጀምሮ ነበር። ባለቤቴ አበዙ ኅዳር ነው ትላለች፣ እኔ ታኅሣሥ ይመስለኛል። ጤፍ አጨዳ ላይ እንደነበርን ግን አንለያይም። የምጽፈው በመሠረተ ትምህርት ዘመን በለቀምኩት ፊደል ነው። ፊቱ በድንገት ለዞረበት ሰው፣ ወይም እንዲህ ያለ ሰው በቤቱ ላለ፣ አንድ ነገር ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው።

የምኖረው ከአማኑኤል ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። ሕመሙ ሲጀምረኝ ከቀኝ ጆሮዬ ኋላ ጠዘጠዘኝ። ሁለት ቀን ያህል እንደ ጥርስ ሕመም ያለ ነገር ነበር። ሳጭድ ውዬ ላቤ ሳይደርቅ ነፋስ ላይ ተቀምጬ ነበርና እሱ ነው ብዬ ናቅኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጉመጥመጥ ውኃ ስይዝ በአፌ ቀኝ በኩል ፈሰሰ። ደግሜ ያዝኩ፣ ደግሞ ፈሰሰ። አበዙ ቀና ብላ አየችኝና የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች።

«አንቱ፣ ፊትዎ ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ?»

«ኧረ ዞሯል! በማርያም!»

መስታወት አመጣችልኝ። ቀኝ ጉንጬ እንደ ባዶ ስልቻ ተንጠልጥሏል። አፌ ወደ ግራ ሄዷል። ቀኝ ዓይኔ አልከደን ብሏል። ልስቅ ብል የሚስቀው ግማሹ ፊቴ ብቻ ነው።

ሕመሙ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት በማርያም ደጅ ቆሜ ምዬ ነበር። ነገሩ የድንበር ነው። ጥሩ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴትና ልየው የሚባል ሰው፣ ሁለቱም ጎረቤቶቻችን፣ በአንዲት ቁራጭ መሬት ይካሰሱ ነበር። የጥሩ ባል በሕይወት ሳለ የድንበሩ ድንጋይ ሲተከል እኔ ነበርኩ፤ ድንጋዩንም ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ «ምለህ ተናገር» አሉኝ። ማልኩ፣ የማውቀውን ተናገርኩ፣ መሬቱ ለጥሩ ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ ፊቴ ዞረ።

በእኛ አገር በሐሰት የማለ ሰው ምን እንደሚደርስበት የማያውቅ የለም። ልየው አፉን ባይከፍትም ወሬው በራሱ ይሄድ ነበር፤ እሱ ግን ከፈተ። «እኔ ምን አደረግኩት? ፊቱን ያዞረችበት የማለባት እሷው ናት» አለ። ቀጥሎም ይግባኝ ጠየቀ፤ ምስክሩ የሐሰት ነው፣ ማስረጃው ፊቱ ላይ ነው ብሎ። እንግዲህ ሕመሜ ሁለት ሆነ። የእኔ ቃል ከወደቀ ጥሩ መሬቷን ታጣለች፤ ልጆቿን የምታሳድገው ደግሞ በዚያች መሬት ነው። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ራሴ የፈራሁበት ጊዜ ነበር። ድንጋዩ በእርግጥ እዚያ ነበር? ሌላ ቦታ ተክለነው ረስቼው ቢሆንስ? እያልኩ ከራሴ ጋር እሟገት ነበር።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ከዚህ መጣ። አፍሬ ተደበቅኩ። ሐኪም ቤት ብሄድ አገር ያየኛል ብዬ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ እቤት ዋልኩ። ምች ነው ያለ ዳማከሴ አሸኝ። አንድ ባለ መድኃኒት ነኝ ባይ ማጭድ አግሎ ጆሮ ግንዴን ተኮሰኝ፤ ጠባሳው አሁንም አለ። ሌላው ደግሞ «ከመንጋጋህ ነው የተነሣብህ» ብሎ በቀኝ በኩል ምንም ያልሆነ መንጋጋዬን ነቀለው። ፊቴ ግን እንደዞረ ነው። ጠበልም ተጠመቅኩ። የሚያጠምቁኝ ቄስ ናቸው በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ ይኸ ዓይን ሳይከደን መክረሙ ጥሩ አይደለም። ጠበሉንም ሐኪሙንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፤ ሂድ ታይ» ያሉኝ።

ሄጄ የታየሁበት የመጀመሪያው ክሊኒክ የደም ግፊቴን ለካና «ስትሮክ ነው» አለኝ። የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈስ የሚመጣ ሕመም ነው። የግፊት ኪኒን ሰጥተው አሰናበቱኝ። እኔም ሞቴ ደረሰ ብዬ የንስሐ አባቴን አስጠራሁ። ሌሊት ሌሊት ቀኝ ዓይኔ ተከፍቶ ስለሚያድር ጣራውን እያየሁ እነጋለሁ። አበዙ ጎኔ ተጋድማ ሽፋሽፍቱን በጣቷ ወደ ታች ትይዝልኛለች። እንቅልፍ ሲወስዳት ጣቷ ይላላና ዓይኔ ተመልሶ ይከፈታል። አንድም ቀን ሰለቸኝ ብላ አታውቅም።

ማርቆስ ትልቁ ሆስፒታል ስሄድ ሦስት ሳምንት አልፎኝ ነበር። ወረፋ የምንጠብቅበት ረጅም አግዳሚ ላይ፣ እንደ ልማዴ ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ውኃ ልጠጣ ብል ደረቴ ላይ ፈሰሰ። አጠገቤ ልጇን ያቀፈች አንዲት ሴት አየችኝና ተነሥታ ሄደች። ከግቢው በር ካለችው ሱቅ ለስላሳ የሚመጠጥበትን ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይዛልኝ መጣች። «በግራ በኩል ይያዙት አባቴ» አለችኝ። ስሟን አልጠየቅኳትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ወር የጠጣሁት በእንደዚያ ያለ ቱቦ ነው።

ሐኪሙ ጎልማሳ ነው። ጋቢዬን አስወልቆ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ግንባርዎን ወደ ላይ ይሰብስቡልኝ አባቴ።»

ሰበሰብኩ። ግራው ተጨማደደ፣ ቀኙ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ሆነ።

«ስትሮክ ቢሆን ኖሮ ግንባርዎ አብዛኛውን ጊዜ ይታዘዝ ነበር» አለኝ። «ይኸ ከጆሮ ኋላ በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍ የፊት ነርቭ ነው። ነርቭ ማለት ትእዛዝ የሚያደርስ ክር ነው። ሲያብጥ ቀዳዳው ውስጥ ይታነቃል። ለመሆኑ ከጀመረዎ ስንት ቀን ሆነዎ?»

«ሦስት ሳምንት።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «በሦስት ቀን ውስጥ ቢመጡ እብጠቱን የሚያበርድ ኪኒን ነበር። አሁን ጊዜው አልፏል። ብዙው ሰው ግን በራሱ ጊዜ ይሻለዋል።»

«ሐኪም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በመሐላ ይመጣል?»

አልሳቀብኝም። «እኔ የማውቀው የነርቩን ነው» አለ። «ያልማለም ብዙ ሰው በዚሁ ሕመም አክሜአለሁ።»

ለዓይኔ ቅባትና ማታ ማታ የሚለጠፍ ፕላስተር ሰጠኝ። ዓይን ሳይከደን ከደረቀ ይቆስላል፣ ሊጠፋም ይችላል አለኝ። አንባቢዬ፣ ይህችን አትርሳ። ግንባሬ ታዘዘ አልታዘዘ ብለህም ቤትህ ተቀምጠህ ራስህን አትመርምር፤ በዚያው ቀን ሂድ።

አራት ወር ጠበቅኩ። ፊቴ ከዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አላመጣም። የልየው ይግባኝ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ሲጨመርበት፣ እኔም በቤቴ ተደብቄ ልቅሶ እንኳ መድረስ አቁሜ ነበር። በመጨረሻ ሐኪሙ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ፤ በእንቅስቃሴ የሚያክሙበት ክፍል ነው። ኃላፊዋ መሠረት የምትባል ረጋ ያለች ሴት ነች። ያኔ አንድ በስጦታ የመጣ መሣሪያ ነበራቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ አንድ የኮምፒዩተር አስተማሪ እየመጣ ያሠራው ነበር።

መሣሪያውን ሳይ ደንግጬ ነበር። መሠረት ከሳንቲም ያነሱ ሽቦ ያላቸው ክብ ተለጣፊዎች ቀኝ ጉንጬና ቅንድቤ ላይ ለጠፈችብኝ። ሽቦው ኮምፒዩተሩ ውስጥ ይገባል።

«ኤሌክትሪክ ነው?» አልኳት።

«ከማሽኑ ወደ እርስዎ የሚመጣ የለም አባቴ። ከእርስዎ ወደ ማሽኑ ነው የሚሄደው። ጡንቻ ሲኮማተር ትንሽ ምልክት ይሰጣል። ጉንጭዎ ሲንቀሳቀስ በዓይን ባይታይም ማሽኑ ያየዋል።»

የኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ አንዲት ወፍ ወጣች። እነሱ ሌላ ስም ነበራቸው፤ ሆዷ ሞላ ያለ፣ አነሣሷም ከባድ ስለሆነ እኔ ቆቅ አልኳት፣ ቆቅ ሆና ቀረች። ጉንጬን ሳነሣ ትነሣለች፣ ስለቀው ትወርዳለች። በአጥር መካከል ካለፈች ነጥብ ይቆጠራል። የልጆች ጨዋታ ነው። ያን ያህል ሽማግሌ ሆኜ በጉንጬ ቆቅ ሳበር ለመዋል መብቃቴ ገረመኝ።

ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ጋር የሚታከም አንድ ሌላ ሰው ነበር። ሁሉም ሾፌሩ ይሉታል። ጭነት ሲያስር ከመኪና ላይ ወድቆ አንገቱ ተጎድቶ እግሩም እጁም አይታዘዙትም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። ለእሱ ደግሞ ሽቦ የተሰካበት ቆብ ያጠልቁለታል። አንጎል ሲያስብ የሚሰጠውን ምልክት ቆቡ ይለቅማል ይላሉ። መስኮቱ ላይ ዳገት የምትወጣ የጭነት መኪና አለች። ሐሳቡን ሲሰበስብ ትወጣለች፣ ሲበተንበት ወደ ኋላ ትንሸራተታለች።

በመጀመሪያው ቀን ከቆቡ ሥር አየኝ።

«ከየት ነዎት?»

«ከአማኑኤል ወረድ ብሎ።»

«ስምዎን ማን ልበል?»

«ምኒችል።»

«ይኸዋ!» አለ። «ፊታቸው የዞረው አያ ምኒችል! ልየው እኮ የሚስቴ ወንድም ነው።»

ተነሥቼ ልሄድ ብል ሽቦው ይዞኛል።

«ታዲያ ምለዋል ወይስ አልማሉም?»

«ምያለሁ።»

«በሐሰት?»

«በእውነት።»

«እሱንማ ሁሉም ይላል» አለና ወደ መኪናው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ በተገናኘን ቁጥር ይተነኩሰኛል። ቆቋ ስትወድቅ «ጾም ነው አያ ምኒችል፣ አይረዷት፣ ከፋሲካ በኋላ ይበሏታል» ይለኛል። እኔም መኪናው ስትንሸራተት «ታኮ አድርግላት እንጂ» እለዋለሁ። ክፉ ሰው አልነበረም። የልየው ዘመድ መሆኑ ግን ከልቤ አይጠፋም። የምሠራውን ሁሉ ለልየው የሚያደርስ ይመስለኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ቆቋ መብረር ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት አጥሩን ሁሉ ታልፍ ጀመር። አስተማሪው ተደነቀ። «ቆቡንም ይሞክሩት» ብሎ የሾፌሩን ቆብ አጠለቀልኝ። ዓይኔን መኪናዋ ላይ ተክዬ «ውጪ» አልኳት በልቤ። ተፈትልካ ዳገቱ ጫፍ ደረሰች።

«ኧረ ይኸ ሰውዬ! ያለ መንጃ ፈቃድ እኮ ነው የሚነዳ!» አለ ሾፌሩ። ድምፁ ውስጥ ግን ቅናት ነበረ። እሱ በስንት ሳምንት ልፋት የወጣውን ዳገት ነው እኔ ባንዴ የወጣሁት።

አስተማሪው ነጥቤን ጻፈ። በሚቀጥለው ወር እንግዶች መሣሪያውን ሊያዩ ይመጣሉና የእኔን ውጤት እንደሚያሳዩአቸው ነገረኝ። መሠረትም፣ መሣሪያው አንድ ስለሆነ ለውጥ የማያመጣ ሰው ለሌላ ተራ እንደሚለቅ፣ የእኔ ተራ ግን እንደተራዘመ አበሠረችኝ። ደስ ብሎኝ እቤቴ ገባሁ።

«አበዙ፣ ፊቴ ተመልሷል» አልኳት።

ወደ ብርሃኑ አዙራ ብዙ ጊዜ አየችኝ። «ለኔስ አልታየኝም» አለች። «አንቱ፣ ለመሆኑ ማሽኑ የሚያየው የማንን ፊት ነው?»

ተቆጣሁ። ነገር አታውቂም አልኳት፤ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ ቀን ቆሎ ስቆረጥም የግራ መንጋጋ ጥርሴ ተሰነጠቀ። በቀኝ ማኘክ ስለማልችል ሥራው ሁሉ በእሱ ላይ ነበር። ማግስቱ ሐሙስ ነው፤ መሣሪያው ፊት ተቀመጥኩ። ቆቋን ላነሣ ስል መንጋጋዬ እንደ እሳት ለበለበኝና ተውኩት። ቆቋ እንደ ድንጋይ ወደቀች። እንደገና ሞከርኩ፣ ያው ነው። መሠረት «ዛሬ ደክሞዎታል» አለችኝ።

እኔ ግን ገባኝ። እጄን መንጋጋዬ ላይ አድርጌ እንዳያመኝ በቀስታ ጥርሴን ገጠም አደረግኩ። ቆቋ ተነሣች። ለቀቅ አደረግኩ፣ ወረደች። እርፍ ስጫን ጥርሴን የምነክስ ሰው ነኝ፤ ዕድሜ ልኬን ጥርሴን ሳልነክስ ያረስኩት ትልም የለም። ከባድ ነገር አንሣ ስባል መጀመሪያ የሚሠራው መንጋጋዬ ነው። ማሽኑ ያነበበው የመንጋጋዬን ጡንቻ ነበር። የሞተው ጉንጬ አንዲት ጋት እንኳ አላበረራትም።

በዚያ ቀን አልተናገርኩም። ይህንን መደበቅ አልፈልግም። ዝም ብዬ ወጥቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አማኑኤል እስክደርስ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ማን ያውቅብኛል? ብናገር ተራዬን ለሌላ ይሰጡታል፣ ፊቴ እንደዞረ ይቀራል፣ ልየው ረታ ማለት ነው። ባልናገር እንግዶቹ መጥተው ያያሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ መንጋጋዬም ይድናል፣ ቆቋም ትበራለች።

ለአበዙ ነገርኳት።

«ተናግረው ተራዎን ቢነጥቁዎትስ?»

«ባልናገርስ?» አልኳት። «ባልናገር ልየው ያለው ሁሉ እውነት ሆነ ማለት አይደለም? ያኔ አልዋሸሁም ነበር። አሁን ልጀምር ነው?»

በማግስቱ ለመንገድ የምለብሰውን ጋቢ አጥባ አሰጣችው።

ማክሰኞ ዕለት ተለጣፊው ሳይለጠፍ በፊት ተናገርኩ። «ልጆቼ፣ ያበረርኳት በጥርሴ ነው። ባለፈው ሳምንት ነው ያወቅኩት። ያን ቀን ሳልነግራችሁ መሄዴ ጥፋቴ ነው።»

አስተማሪው መጀመሪያ አልገባውም። ነገሩ ሲገባው ተለጣፊውን አስለጠፈብኝ። «እስቲ አፍዎን ከፈት አድርገው ይሞክሩ» አለኝ። ከፈት አደረግኩ፣ ቆቋ መሬት ላይ ተኝታ ቀረች። ቆቡን አጠለቀልኝ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። የመንጋጋ ምልክት ከአንጎል ምልክት እጅግ ስለሚበረታ ቆቡ ውስጥም ገብቶ እንደሚያሳስት ያን ጊዜ ነው ያስረዳን። ከዚያ ሁላችንም፣ ማንም ሳያዘን፣ ወደ ሾፌሩ ዞርን።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?»

«አፍዎን ትንሽ ከፈት ያድርጉልኝ» አለው አስተማሪው።

ከፈተ። ጫፍ ላይ የነበረችው መኪና ወደ ኋላ ተንሸራተተች፣ ተንሸራተተች፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አያ ምኒችል!» ብሎ ጮኸ። «መኪናዬን ገደል ከተቷት!»

ያ ሰው እጁን ማንቀሳቀስ አይችልም፤ በዚህ ዓለም የሚነዳት ያቺን አንዲት መኪና ነበር። እኔ የራሴን ልናዘዝ ብዬ የእሱን ግማሽ ወሰድኩበት። ቀጥሎ በመጣንባቸው ሁለት ቀጠሮዎች አላናገረኝም። ቆቋ ብትወድቅም አልሳቀብኝም፤ የናፈቀኝ ስድቡ ነው።

ተራዬን አልወሰዱብኝም። መሠረት «ከዛሬ ጀምሮ ነው የጀመሩት፣ የበፊቱ አይቆጠርም» አለችና አስተማሪው የጻፈውን ነጥብ በፊቴ ሰረዘችው። ተለጣፊውን ከመንጋጋዬ አርቃ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችው። ጥርሴን እንዳልነክስ ደግሞ ሐኪም ምላስ የሚጫንበትን ቀጭን እንጨት በጥርሶቼ መካከል አላላ አድርጌ እንድይዝ ነገረችኝ። ከነከስኩት ድምፅ ይሰጣል። «በኃይል አይደለም አባቴ፤ በቀስታ፣ በጥቂቱ፣ እያሰቡት» ትለኛለች። ለእኔ ይህ ከእርሻ የከበደ ነበር። አንድ ወር ሙሉ ቆቋ አልተነሣችም። እቤትም መስታወት ፊት እየተቀመጥኩ የፊቴን ቀኝ ጎን እንደ ጥጃ እለምነው ነበር።

በሦስተኛው ቀጠሮ ሾፌሩ ጠራኝ።

«አያ ምኒችል።»

«አቤት።»

«ያቺ የቀረችው ግማሽ ዳገት የራሴ ናት አይደል?»

«የራስህ ናት። አፍህን ከፍተህ ነው የወጣሃት።»

«እንግዲያ ከዚያች እጀምራለሁ» አለ። ቀጥሎም «ዶሮዎ ዛሬም ተኝታለች?» አለኝ። ታረቅን ማለት ነው።

አንድ ማክሰኞ፣ እንጨቱ በጥርሴ መካከል ሳይነከስ፣ ቆቋ ክንፏን አርገበገበች። ከመሬት አንድ ጣት ያህል ተነሥታ ወደቀች። መሠረት «አየኋት» አለች። ሾፌሩም «እኔም አየኋት!» አለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ዝግ ያለ ነገር ነው፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ። ዓይኔ መከደን ጀመረ። ፕላስተሩን ተውኩት። አበዙም ሌሊቱን ሙሉ መተኛት ቻለች።

ፊቴ ገና በደንብ ሳይቃና የልየው እናት ተዝካር ደረሰ። አለመሄድ ጠብ ነው፤ ሴትዮዋ ደግሞ ደግ ጎረቤቴ ነበሩ። ጋቢዬን ተከናንቤ ገብቼ ዳሱ ጥግ ተቀመጥኩ። አበዙ ከኋላዬ መጥታ «ያውርዱት፤ ማንን ነው የሚደብቁት?» አለችኝ። አወረድኩት። ጠላ ሲቀዳልኝ ቱቦ አላወጣሁም፤ በብርጭቆ ጠጣሁ። ትንሽ በቀኝ በኩል ወረደብኝ።

ልየው እያስተናገደ ነበርና አየው። «አያ ምኒችል፣ ጠላውም እምቢ አለዎት? ማርያም ይቅር ትበልዎት እንግዲህ» አለኝ፣ ለስለስ አድርጎ። አጠገቤ ያሉት መብላታቸውን አቆሙ። ጥሩ እዚያ ማዶ ከሴቶቹ ጋር ነበረች፤ አንገቷን ደፋች።

«ልየው፣ ና ወዲህ» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ። ሾፌሩ ነው። የሚስቱ እናት ተዝካር ስለሆነ በኪራይ መኪና ከነወንበሩ አምጥተውት ኖሯል፤ እኔ አላየሁትም ነበር።

«እኔ የእኒህን ሰው ውሸት አውቃታለሁ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አንዲት ውሸት ነበረቻቸው። ማርቆስ ያለው ማሽን በፊታቸው ቆቅ እንዲያበሩ ያዛቸዋል። እሳቸው በጥርሳቸው አበረሯት። ማሽኑ አላወቀባቸውም፣ አስተማሪው አላወቀባቸውም፣ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አላወቅኩባቸውም። ራሳቸው ተነሥተው ‹ጥርሴ ነው› አሉ። ሕክምናውን ሊያጡ ይችሉ ነበር። የኔንም መኪና ገደል ከተው ነው የተናገሩት፤ እስካሁን አልወጣችልኝም!»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

«ለኮምፒዩተር ቆቅ መዋሸት የከበደው ሰው በማርያም ደጅ ምሎ ይዋሻል? ንገረኛ!»

«አንተ የማን ዘመድ ነህ?» አለው ልየው።

«ያንተ። ባልሆን ምን አገባኝ? እንዲህ በሰው ፊት ባልነገርኩህ ነበር።»

ልየው ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ወደ እኔ ተመለሰና ብርጭቆዬን እንደገና ሞላልኝ። ይቅርታ አላለኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የይግባኙ ቀጠሮ ሲደርስ እሱ ሳይቀርብ ቀረ፣ መዝገቡም ተዘጋ። በዚያ ክረምት ጥሩ መሬቷን አሳርሳ ጤፍ ዘራችበት።

ዛሬ ግንባሬ በቀኝ በኩል እንደ ድሮው አይጨማደድም። ዓይኔን ስከድን አፌ ትንሽ ይሳባል። ይኸው ነው፤ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ሲያስቀኝ በሁለቱም በኩል እስቃለሁ ማለት ይቻላል። ለሽምግልናም ይጠሩኛል፣ ጋቢዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ እሄዳለሁ። ፊትህ የዞረ እንደሆነ አትደበቅ። በሦስት ቀን ውስጥ ሐኪም ጋ ድረስ፣ ዓይንህን ሸፍን፣ በጋለ ብረት አታስነካው፣ ጥርስህንም ለማንም አታስነቅል። ሲያሠሩህ ደግሞ ቀስ ብለህ ሥራ፤ በኃይል የሚመጣ ነገር አይደለም።

አበዙን፣ መሠረትን፣ ቱቦ ያመጣችልኝን ሴት እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እኔን ከሰው መካከል መልሶ ያስቀመጠኝ ግን ሌላ ነው። ሾፌሩ እያልኩ የጻፍኩት እዚያ ክፍል ሁሉም እንደዚያ ስለሚጠራው ነው። ስሙ አድማሱ ነው።